ስለ ኬታሚን ቀድመን እንንገራቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የሰመመን ሕክምና ባለሙያ ነኝ። በቅርቡ እጇ የተሰበረ ልጅ ኬታሚን በተባለው ማደንዘዣ አስተኝተን ነበር። ስትነቃ ዓይኗን አፍጥጣ «ጣሪያው እየወረደ ነው!» ብላ ጮኸች። እናቷ «ልጄን አሳበዳችሁብኝ» ብለው አለቀሱ። ቅዠቱ ያልፋል፤ አለፈም። ቀድመን አለመንገራችን ግን የእኛ ጥፋት ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

መድኃኒቱ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ሕመምም ያስታግሳል። እንደ ሌሎቹ ማደንዘዣዎች ትንፋሽን ቶሎ ስለማያዳክም፣ መብራት በሚጠፋበት የገጠር ሆስፒታል ስንቱን አትርፏል! ግን የደም ግፊት ይጨምራል፣ ምራቅ ያበዛል። በደም ሥር ቶሎ ከተገፋ ትንፋሽ ሊያቆምም ይችላል። ስለዚህ የሚከታተል ባለሙያ ከታካሚው አጠገብ መጥፋት የለበትም።

ወገኖቼ፣ ግፊት ካለባችሁ ወይም ምግብ ቀምሳችሁ ከመጣችሁ እባካችሁ አትደብቁን።

የሰመመን ባለሙያ፣ ከደቡብ ጎንደር