ጣሳዋና ምራቂው፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው፤ እሱም ዕድሜው ነው። ፍልሰታ ትናንት ተፈታ። ክረምቱ ዘንድሮ ለከተማችን ለሐይቅ አልሰሰተም፤ ከጓሮ ያለው በቆሎ አናቴን አልፎኛል።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። «ቤተ ክርስቲያን ከሄድሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ አሁን በምን ፊቴ ልቁም?» አልሽኝ። እኔም «እሱ መሐሪ ነው፤ ዝም ብለሽ ሂጂ» አልሁና ወሬውን ወደ በርበሬ ዋጋ አዞርሁት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን ታዘብሁ። ልጇ ልቧን ስትከፍትላት ስለ በርበሬ የምታወራ እናት ምን ትባላለች? ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ምን እንዳደረግሽ አልጠይቅሽም። ልትነግሪኝ ከወደድሽ ጆሮ አለኝ፤ ካልወደድሽም የንስሐ አባት ለዚሁ ነው ያለው። የምነግርሽ የራሴን ነው፤ እስከ ዛሬ የደበቅሁሽን።

ያቺን የሽሮና የባቄላ መስፈሪያ ጣሳዬን ታስታውሻታለሽ፤ ልጅ ሳለሽ በጭራሮ እየመታሽ ከበሮ ታደርጊያት የነበረችውን። በ2004 ዓ.ም. አንቺ ደሴ ኮሌጅ ስትገቢ አባትሽ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከዚህ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በየቀኑ መመላለሱ ስላልተቻለ ቤት ተከራየሽ። ኪራዩ፣ ምግቡ፣ ደብተሩ ተደማምሮ የገበያዬ ትርፍ አልደርስ አለው። አንድ ማታ ጣሳዋን ደፋሁና ታችዋን በዘነዘና ወደ ውስጥ መታሁት። ሦስት ጊዜ። በማግስቱ ገበያተኛ ከውጭ ሲያያት ምንም የላትም፤ ከውስጥ ግን ታችዋ እንደ ጉብታ ተነሥቷል። በእያንዳንዱ ስፍር አንድ ጭብጥ ያህል ይቀርልኛል። አንድ ጭብጥ ባቄላ ማንን ያስርባል? እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ምራቂ መጨመሬን አልተውሁም። ገበያተኛው «መርቂልኝ እንጂ» ሲለኝ ፈገግ ብዬ አንድ እፍኝ ከላይ እከምርለታለሁ። ከታች እየሰረቅሁ ከላይ እመርቅ ነበር። ሰውም እጀ ሰፊ እያለ ያመሰግነኛል። አራት ወር እንዲህ ነገድሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ እሑድ ከቅዳሴ አልቀረሁም፤ ጾሙንም አልገደፍሁም። አንቺ በድለሽ ሸሸሽ፤ እኔ በድዬ ከፊት ቆሜ አስቀደስሁ። ከሁለታችን የትኛዋ እንደምትብስ ለማወቅ መቼም ሚዛን አያስፈልግም።

ምን እንደቀሰቀሰኝ አላውቅም። ሕልም አላየሁም፤ የሰባኪ ቃልም አልነበረም። አንድ ቀን ጣሳዋን ሳጥብ እጄ ጉብታው ላይ አረፈና እዚያው ቁጭ አልሁ። በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ተናገርሁ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ከበደልሻቸው ወደምታውቂያቸው ሂጂና መልሺ፤ ስለማታውቂያቸው ደግሞ ለድሃ ስጪ» አሉኝ። ስለ ቀራጩ ዘኬዎስም አወሩኝ። አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱን ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ያሳዩኝ ቅደም ተከተሉን ነው። ዘኬዎስ ገና ከሾላው ላይ ሳለ፣ ገና አንዲት ሳንቲም ሳይመልስ፣ ጌታ ዛሬ ቤትህ እውላለሁ አለው። መመለሱ የመጣው እንግዳው ከገባ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሄድሁት አንቺ «እምዬ» እያልሽ ወደምትጠሪያቸው ጎረቤታችን ነበር። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ጣሳ ባቄላ ከእኔ ይገዙ ነበርና ዕዳዬ እሳቸው ዘንድ ይበዛል። በጆንያ ባቄላ አሸክሜ ገባሁ። ቡና እያፈሉ ነበር፤ ቤቱ በዕጣን ጢስ ታፍኗል። ከመቀመጤ በፊት ተናገርሁት፤ ከተቀመጥሁ እንደማልናገረው አውቃለሁና። እሳቸው የቡናውን ረከቦት እንኳ አላነቃነቁም።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ቤቴ ወስጄ በራሴ ጣሳ ስሰፍረው አንድ ጭብጥ ይጎድለዋላ! እጄ ስፍር አያውቅም መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ወደ ሌላ ነጋዴ አልሄዱም?»

«ልጅ ታስተምሪ የለም እንዴ! የጎደለውን ለልጅቱ ሰደቃ ይሁን ብዬ ነይቼዋለሁ።»

ልጄ፣ የኮሌጅ እንጀራሽ ከየት እንደመጣ አሁን አወቅሽ። እኔ የሰረቅሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሳቸው ሰጥተውኝ ኖሯል። ስርቆቴ እስኪቀናልኝ እንኳ ቀድመውኝ ነበር። የወሎ ሰው ነሽና በአንድ አጥር ግራና ቀኝ በዓመት በዓል እየተጠራሩ መኖር አይገርምሽም። እኔ ግን በዚያ ቀን የክርስቶስን ምሕረት ምንነት ያየሁት ከአንዲት የእስልምና እናት ፊት ላይ ነው። ይህን ስል የሚከፋው ሰው ካለ ይክፋው። ደጉ ሳምራዊም ቢሆን የማን ወገን ነበር?

ያመጣሁትን ባቄላ አልቀበልም ብለው ብዙ ተከራከርን። በኋላ ግማሹን ተቀበሉና ወዲያው ንፍሮ ጣዱበት። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥተን መርቀውኝ ወጣሁ። እምዬ ሲሞቱ ከልጆቻቸው በላይ ለምን እንዳለቀስሁ ጠይቀሽኝ ነበር። ይኸው መልሱ።

ከዚያ ወዲህ ጸጋ ማለት ምራቂ ነው እያልሁ አስብ ነበር። ከስፍሩ በላይ የሚከመረው፣ ሻጭ ወዶ የሚጨምረው። ምራቂና ምርቃት ከአንድ ቃል መውጣታቸውም ደስ ይለኛል። ይህን አንድ ቀን ከሐይቅ እስጢፋኖስ ምስር ሊገዙ ለመጡ አረጋዊ መነኵሴ ነገርኋቸው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቀኑት ያ ገዳም ሴት አያስገባም፤ ስለዚህ የገዳሙን ትምህርት የማገኘው መነኮሳቱ ለገበያ ሲወጡ ነው፤ ምስር እየሰፈርሁ። መነኵሴው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ምራቂ የሚጨመረው ለገዛ ሰው ነው። እኛ ከእግዚአብሔር ምን ገዝተን ነው የሚመርቀን?» አሉና ምስራቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። ምራቂውን ግን አልተውልኝም።

እኔም ያን ጊዜ ባቲ ትዝ አለችኝ። ሰው ባቲ ሲባል ቅኝቱን ያስባል፤ ወይም ሰኞ ገበያዋን። እኔ የማስበው ወረፋዋን ነው። በ1977 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከመንደራችን ወጥተን ባቲ ወደነበረው የረሃብተኞች መጠለያ በእግራችን ሄድን። ታናሽ ወንድሜን መንገድ ላይ ቀበርነው። በአንድ መስመር ያለፍሁት ቀላል ሆኖልኝ አይደለም። አያትሽ ከመከራው በፊት ሰው የምታበላ ሴት ነበረች፤ እንግዳ ሲመጣ ከጎተራዋ ሳትሰስት የምትዝቅ። ወረፋ ላይ ስትቆም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር፤ የሚያውቃት እንዳያያት። ተራችን ሲደርስ ሰፋሪው ምን ይዘሽ መጣሽ አላላትም። የያዘችውን ባዶ ዕቃ አየ፤ ስንዴውን ሰፈረላት፤ ቀጥሎ ያለውን ጠራ። በቃ። ምራቂ አልነበረም፤ ስፍሩ ራሱ ምራቂ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ትንሽ ስትበረታ አያትሽ ጭራሮ ለቅማ መጥረጊያ አሰረች፤ በየማለዳውም ስንዴ የሚታደልበትን ሜዳ ትጠርግ ጀመር። ማንም አላዘዛትም፤ ለጠረገ የሚጨመርለትም አልነበረም። እኔ ደክሞኝ ስለነበር ተናደድሁባትና «ስንዴውን በመጥረግ ልትከፍይ ነው?» አልኋት። «አንቺ ሞኝ» አለችኝ፣ «ስንዴውንማ ሳልጠርግም ሰፍረውልኛል። እጄ ነው አልቀመጥ ያለው።»

ጳውሎስ ድኅነት ስጦታ ነው፣ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም ይላል። ያዕቆብ ደግሞ ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው ይላል። በዚህ ላይ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲሟገቱ በሰማሁ ቁጥር አያትሽ መጥረጊያዋን ይዛ ትመጣብኛለች። ስንዴው ይቀድማል፤ መጥረጊያው ይከተላል። አንቺ የተቸገርሽው ሜዳውን ጠርገሽ ሳትጨርሺ ወረፋው ላይ መቆም ነውር መስሎሽ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ራስሽን ስትጠርጊ ከረምሽ፤ ሆድሽ ግን ባዶ ነው።

«በምን ፊቴ ልቁም» ላልሽውም አንድ ነገር ልጨምር። በቅዳሴ መሐል «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልን ስንት ጊዜ እንደምንለምን ታውቂያለሽ። ያ ቦታ የንጹሓን ማኅበር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ልመና ለማን ነው? ከፊትሽ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመችውን ሴት አታውቂያትም። በቤቷ ታችዋ የተጎደጎደ ጣሳ ይኖራት ይሆናል።

እምነቴም እንደ ድሮው አይደለም ብለሽኛል። ልጁ የታመመበት ያ አባት ጌታን «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለው። ግማሽ እምነት፣ ግማሽ ጥርጣሬ ይዞ መጣ፤ ልጁም ተፈወሰለት። እኔ በሽምግልናዬ ከዚህ የተሻለ ጸሎት አላገኘሁም። ከመኝታዬ በፊት ረጅሙን ጸሎት ስጀምር እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ይህችን ግን አድርሼያት ነው የምተኛው።

መግባቱ ከከበደሽ አትግቢ። ሲያልፉ ሲያገድሙ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ መሳለም የእኛ አገር ሰው ወግ ነው፤ ማንም ዞሮ አያይሽም። ለዚህ ሳምንት እሱ ይበቃል። በሚቀጥለው እስከ ደጀ ሰላሙ ትደርሻለሽ። የተረፈውን ካህኑ ያውቃል፤ እኔ ሽሮ ሻጭ ነኝ።

ጣሳዋን ልነግርሽ ረሳሁ። ከንስሐ አባቴ ዘንድ እንደተመለስሁ በዘነዘናው ከውስጥ መትቼ አቀናኋት፤ ነገር ግን ታችዋ ፈጽሞ ለጥ አላለም፤ ስትቀመጥ ትንሽ ትንገዳገዳለች። ከዚያ ወዲህ አልሰፈርሁባትም፤ ሌላ ገዛሁ። እሷን ከእንስራው አጠገብ አኑሬያት የውሃ መጠጫ አድርጌያታለሁ። መንገደኛ ውሃ ሲጠይቀኝ በእሷ ነው የምሰጠው።

ጉልበቴ ከፈቀደልኝ ዘንድሮ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ወደ አምባሰል እወጣለሁ። ባለፈው ዓመት ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ የማላውቃቸው ልጆች ናቸው ደግፈው ያወጡኝ። አንቺ ከሥራ ፈቃድ ካገኘሽ የምትደግፈኝ ልጄ ብትሆን ደስ ይለኛል፤ ካላገኘሽ አልቀየምሽም። አብረሽኝ ከመጣሽ ነጠላ እንዳትረሺ፤ ማለዳው ይበርዳል።

በዚህ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ሽሮ አስይዤልሻለሁ። አምስት ኪሎ ነው ብዬዋለሁ፤ ብትመዝኚው ግን ይበልጣል።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ሐይቅ፣ ነሐሴ 17