መዝገቡ እጃችሁ ላይ ነበር

ለአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ዋና ኃላፊ
ለክቡር ብራያን ቤድፎርድ

ግልባጭ፦ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት መምሪያ

ጉዳዩ፦ በዋሽንግተን ዲሲው ናሽናል አየር ማረፊያ ዙሪያ የመንገደኛ አውሮፕላኖችና ወታደራዊ ሄሊኮፕተሮች ስለሚተላለፉበት ርቀት

ክቡር ሆይ፣

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ የምጽፍልዎ መሥሪያ ቤትዎ እጅ ላይ ስለነበረ መዝገብ ነው።

ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ምሽት ከዊቺታ፣ ካንሳስ የመጣ የመንገደኛ አውሮፕላን ናሽናል ሊያርፍ ሲል ከጦሩ ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቁ። አውሮፕላኑ ላይ 64፣ ሄሊኮፕተሩ ላይ 3 ሰዎች ነበሩ። አንድም አልተረፈም። ከበረዶ ሸርተቴ ሥልጠና የሚመለሱ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ነበሩበት።

በማርች ወር ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የመጀመሪያ ሪፖርቱን አወጣ። ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ባለው ጊዜ፣ ናሽናል አካባቢ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር 15,214 ጊዜ ተቀራርበዋል። ጎን ለጎን ከአንድ የባሕር ማይል ባነሰ፣ ከላይ ወደ ታች ደግሞ ከ400 ጫማ ባነሰ ርቀት ማለት ነው። 85 ጊዜ ደግሞ የጎን ርቀቱ ከ1,500 ጫማ፣ የከፍታ ልዩነቱ ከ200 ጫማ በታች ወርዷል። ይህ ሁሉ ከአደጋው በፊት ሲሰበሰብ የኖረ መረጃ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ አልተፈለሰፈም። ቁጭ ብሎ የሚያነበው ነው የጠፋው።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ 75 ጫማ ነው። ሄሊኮፕተሮቹ በወንዙ ዳር ከ200 ጫማ በላይ እንዳይወጡ ተብሎ መስመር ተሰምሮላቸው ነበር። ሄሊኮፕተሩ ይህን ጠብቆ ቢበር፣ አውሮፕላኑም ትክክለኛ መውረጃውን ይዞ ራንዌይ 33 ወደሚባለው ማረፊያ መንገድ ቢመጣ፣ በመሃላቸው የሚቀረው 75 ጫማ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ቦርዱ አስልቷል። ሃያ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ማንም ሳይሳሳት! በዚያ ምሽት ሄሊኮፕተሩ 278 ጫማ ገደማ ላይ ነበር። የአውሮፕላኑ ማስጠንቀቂያ ከግጭቱ 20 ሴኮንድ ያህል ቀደም ብሎ «ትራፊክ፣ ትራፊክ» ብሏል። መሬት በቀረበ ከፍታ ላይ ግን መሣሪያው «ውጣ» ወይም «ውረድ» ብሎ አያዝም። ታዲያ ያን የጨለማ ሰማይ ለሁለት አብራሪዎች ዓይን ብቻ ጥሎ መሄድ ምን ይባላል? ጥፋቱን ሁሉ በሞቱት ወታደሮች ላይ መደምደም ለሕሊና ይከብዳል። መስመሩን ያሰመሩት እነሱ አይደሉም።

እኔ ናሽናል ላይ ታክሲ እነዳለሁ። ቤቴ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ከበረንዳዬ ወንዙ ይታያል። ከአደጋው በፊት ማታ ማታ ሄሊኮፕተር በሚያርፍ አውሮፕላን ሥር ሲያልፍ አይ ነበር። የሁለቱ መብራት የተነካካ እስኪመስለኝ ድረስ። ልጄ ቆጥራ «አባዬ፣ ዛሬም አለፈ» ትለኝ ነበር። ጻፍኩ። ስሙን እዚህ ለማልጠቅሰው ቢሮ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን ዘርዝሬ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ «የድምፅ ቅሬታዎ ተመዝግቧል» የሚል ነው። እኔ ስለ ድምፅ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ድጋሚ ጻፍኩ፤ ሰዎቹ ሊጋጩ ነው አልኩ። ቅሬታዬ እንደገና የድምፅ ተብሎ መዝገብ ውስጥ ገባ። ከአደጋው በኋላ ያንን ወረቀት አውጥቼ ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ሥጋቴን የሚጽፉበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ቁስል አይደለም። ኦክቶበር 2018 ላይ የላዮን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ላይ ወድቆ 189 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤታችሁ ራሱ አሰላ። ማስተካከያ ካልተደረገ በዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች የአገልግሎት ዕድሜ ውስጥ ከ15 በላይ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ሰነድ በእጃችሁ ነበር። ይህ ዓይነት አውሮፕላን ግን መብረሩን ቀጠለ። ማርች 10 ቀን 2019 ያው ዓይነት የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢቲ 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ። 157 ሰው። እዚህ ዲሲና አካባቢዋ ያለን ሰዎች ያኔ ለቅሶ ተቀምጠናል። ስለዚህ «ማስረጃው ነበር» ሲባል ስንሰማ ደማችን ይፈላል።

እርስዎ በጃንዋሪው አደጋ ወቅት ሥልጣን ላይ እንዳልነበሩ አውቃለሁ። ግን ከአደጋው በኋላ የሆነውንም ይመልከቱ። ማርች 28 ቀን 2025 ለአርሊንግተን መቃብር ሥነ ሥርዓት የመጡ የአየር ኃይል ጄቶች ከናሽናል በተነሳ የዴልታ አውሮፕላን አጠገብ አለፉ፤ የአውሮፕላኑ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ሜይ 1 ላይ ብላክ ሆክ ወደ ፔንታጎን ሲያመራ ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ማረፋቸውን ትተው እንደገና ወደ ላይ ወጡ። 67 ሰው ከቀበርን ሦስት ወር ብቻ ነበር። በፔንታጎንና በናሽናል የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ መካከል ያለው ቀጥታ ስልክ ከማርች 2022 ጀምሮ እንደማይሠራ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የእናንተው ኃላፊ ለሴኔቱ ተናገሩ። ከሦስት ዓመት በላይ አንድ ስልክ አልተጠገነም። ይህን ለሟች ቤተሰብ እንዴት አድርጎ ይነገራል?

መንግሥት ዲሴምበር 2025 ለፍርድ ቤት ባቀረበው መልስ ኃላፊነቱን አምኗል። በዚያው ወር ኮንግረስ ያጸደቀው የመከላከያ ሕግ ደግሞ ወታደራዊ በረራዎች በዋሽንግተን ሰማይ ላይ ያሉበትን ቦታ ሳያሰራጩ እንዲያልፉ በር የሚከፍት አንቀጽ ይዞ መጣ። የቦርዱ ሊቀመንበር ጄኒፈር ሆመንዲ በአደባባይ ተቃወሙ። በዚያ ምሽት የተጋጨው ብላክ ሆክም ቦታውን እያሰራጨ አልነበረም። ጉዳዩ የዋሽንግተን ብቻም አይደለም። በዚያው ዲሴምበር ከኩራሳዎ ወደ ኒው ዮርክ የሚበር የጄትብሉ አብራሪ ያለበትን የሚያሳውቀውን መለያ ምልክት ያጠፋ የአየር ኃይል ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ፊቱ ድቅን ብሎበታል።

በሄይንስ ፖይንትና በዊልሰን ድልድይ መካከል ያለውን የሄሊኮፕተር መስመር መዝጋታችሁ ተገቢ ነው። ግን ተመሳሳይ መስመር ያለው ናሽናል ብቻ አይደለም። ቦስተን፣ ኒው ዮርክ፣ ቺካጎ፣ ዳላስ፣ ሂውስተን፣ ሎስ አንጀለስም አላቸው። በእነዚህ ከተሞች አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ስንት ጊዜ እንደተቀራረቡ በየወሩ በይፋ አውጡ። ለጦሩ የሚሰጥ ማንኛውም ልዩ ፈቃድ ማን እንደፈረመበት፣ ለምን እንደተሰጠ ሕዝብ ይይ። ዜጋ ስለ መቀራረብ ሲጽፍም ቅሬታው ለድምፅ ክፍል ሳይሆን ለበረራ ደኅንነት ክፍል ይድረስ።

ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛም ልኬልዎታለሁ። በአማርኛ ያወጣሁት ናሽናል ላይ ታክሲ የሚነዳው፣ ዊልቸር የሚገፋው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው ወገኔ እንዲያነበው ነው። መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ ሲደርሰኝም ለእነሱ እዚሁ አወጣዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
አንድ የታክሲ አሽከርካሪ