አረንጓዴውን ጌኮ በመስኮት ፀሐይ አታሳድጉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አሜሪካና አውሮፓ ባሉ ወገኖቻችን ቤት ልጆች ከእንስሳት መደብር ገዝተው የሚያሳድጉት ጌኮ የሚባል፣ ግድግዳ የሚወጣ አንድ አረንጓዴ የእንሽላሊት ዓይነት አለ። አንገቱና ትከሻው ላይ ወርቅ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ወገቡ ላይ ሦስት ቀይ ምልክቶች አሉት። አድጎ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አገሩ ሰሜን ማዳጋስካርና ኮሞሮስ ነው። እንደ አብዛኞቹ ጌኮዎች ማታ ሳይሆን ቀን፣ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው። ብዙዎቹ ያለ ዕድሜያቸው የሚሞቱትም በዚሁ በፀሐይ ጉዳይ ነው።

ሳጥኑ መስኮት ሥር ይቀመጥና «ፀሐይ ያገኛል» ይባላል። አያገኝም። ሕፃን ልጅ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው ደጅ ወጥቶ እንጂ በተዘጋ መስኮት በኩል አይደለም፤ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራውን አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን ጨረር ተራ መስታወት ያስቀረዋልና። ሙቀቱ ግን ያልፋል። እንስሳው ጨረሩን ተከልክሎ እንደ ምጣድ የጋለ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፤ ማምለጫም የለውም።

ቫይታሚን ዲ ከሌለ የሚበላው ካልሲየም አጥንቱ አይደርስም። በሽታው የልጆችን አጥንት የሚያለሰልሰው የሪኬትስ ወንድም ነው፦ ጅራቱ ይጣመማል፣ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ ግድግዳ መውጣት ያቅተዋል። ሴቷ ይበልጥ ትጎዳለች። በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ቅርፊቱ እስኪደርቅም በኋላ እግሮቿ ይዛ ታገላብጠዋለች። አንገቷ ግራና ቀኝ ምስር የሚያህል እብጠት ብታዩ አትደንግጡ፤ ለቅርፊቱ የሚሆን ካልሲየም ያጠራቀመችበት ከረጢት ነው። የሚያስደነግጠው እንቁላል እየጣለች ከረጢቱ ሲጎድል ነው፤ ቀጥሎ የምትወስደው ከራሷ አጥንት ነው።

መፍትሔው ይህን ጨረር የሚሰጥ ረጅም የፍሎረሰንት መብራት ነው። የሳጥኑ ክዳን የብረት ወንፊት ይሁን፤ መብራቱ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ላይ ከተቀመጠ ያው የመስኮቱ ታሪክ ይደገማል። ከላይኛው ቅርንጫፍ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ በቀን ለ12 ሰዓታት ይብራ። በየዓመቱ ይቀየር፤ ለዓይናችን ደህና እየበራ ጨረሩ ግን ይደክማል። መሞቂያው ቦታ ከ30 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላው ጥግ 25 ገደማ ይሁን፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ያስፈልገዋል። ለአንድ ጥንድ 45 በ45፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ይበቃል፤ ውስጡ ቀርከሃ ይቁም። ሁለት ወንዶች አንድ ላይ አይኖሩም፤ ይጋደላሉ።

ምግቡ ርዝመቱ ከጭንቅላቱ ስፋት የማይበልጥ ፌንጣ ነው፤ በየሁለት ቀኑ፣ በካልሲየም ዱቄት ተነክሮ ይሰጠው። ፓፓያና ማንጎ ይወዳል፤ ነገር ግን በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። በፍራፍሬ ብቻ የጠገበ ጌኮ ፌንጣውን ይተወዋል፣ ዱቄቱም ይቀርበታል። ውኃ ከሳህን እምብዛም አይጠጣም፤ ጠዋትና ማታ ቅጠሉ ላይ ርጩለት፣ ጠብታውን ይልሳል። በእጅ አትያዙት፤ ቆዳው ስስ ነው፣ ለማምለጥ ሲታገል ይገሸለጣል።

ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ልጁ ሲሰለች «ነፃ ይውጣ» ብላችሁ ደጅ አትልቀቁት። ብርድ ባለበት አገር ይሞታል፤ በሞቃት አገር ደግሞ ይዛመታል። ሃዋይ ውስጥ ዛሬ በየአትክልቱ የሚታየው ይኸው ጌኮ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ሰው ከለቀቃቸው ጥቂቶች የመጣ ነው። ሞሪሸስ ላይም ከማዳጋስካር የገባው ግዙፉ ዘመዱ የደሴቲቱን ትናንሽ ጌኮዎች እየበላ ያፈናቅላል፤ እነዚያ ትናንሾቹ ደግሞ የአበቦቹን ማር እየላሱ የአበባ ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሱ ናቸው። ማሳደግ ካቃታችሁ ለገዛችሁበት መደብር ወይም ለሚያውቅ ሰው መልሱት።