ሐይቁ አጠገባቸው ሆኖ ከሰሌዳ ይገለብጣሉ

ለአዘጋጁ፦

የምጽፈው በዚህ ወሰነ ትምህርት የሐዋሳ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች አካባቢ ሳይንስን ስለሚማሩበት መንገድ ነው። ልጄ 4ኛ ክፍል ናት። ደብተሯን ሳገላብጥ "ሐይቅ በየብስ የተከበበ የውኃ አካል ነው" የሚለውን ሦስት ቦታ ጽፋዋለች። የጥቁር ውኃ ወንዝ የት እንደሚገባ ስጠይቃት ግን ዝም አለችኝ። ቤታችን ከሐይቁ የ15 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው።

ልጅ በዓይኑ ያየውን አይረሳም። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አንድ ጠዋት ብትቆም፣ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውን ከአምባዛው ሲለዩ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም የተጣለውን የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻሙ ታያለች። ማን ምን እንደሚበላ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ደግሞም ከሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ጎርፍ ከከተማው ጠርጎ ያስገባው ፕላስቲክ እዚያው ይከማቻል። ይህ ለልጆቹ አሁኑኑ ሊገባቸው ይገባል።

መምህራኑን አልወቅስም፤ ያን ሁሉ ልጅ ይዞ መንገድ መሻገር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች በወር አንድ ጠዋት ትምህርቱን ሐይቁ ዳር ያድርጉት፤ ከየክፍሉ አምስት አምስት ወላጆች በተራ አብረው ይሂዱ። ለመጀመሪያው ዙር እኔ ዝግጁ ነኝ።

የተማሪ ወላጅ፣ ከሐዋሳ