ማሽኑ አለ፣ ስትሪፑ የለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጥቃቅን የምርመራ ቺፖች፣ ማለትም በቀጫጭን ቦዮቻቸው ጠብታ ፈሳሽ እያሳለፉ ስለሚመረምሩ ትናንሽ ቁራጮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ነገሩ ግን ገና የሚመጣ ተአምር አይደለም። የስኳር መለኪያዋ ስትሪፕም፣ ማሽኑ ላይ የምትሰካው ቀጭን ቁራጭ፣ እኮ የዚያው ዘር ናት። ጫፏ ላይ ያለችው ቀጭን ቦይ የደሙን ጠብታ ያለ ፓምፕ ስባ ታስገባለች። ውስጧ ያለው ኢንዛይም ከስኳሩ ጋር ሲገናኝ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ መሣሪያው ያንን ለክቶ ቁጥር ያወጣል። ኢንዛይምን ከኤሌክትሪክ መለኪያ ጋር የማጣመሩን ሐሳብ ተመራማሪዎቹ ክላርክና ላዮንስ ያቀረቡት በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ጎበዞች ናቸው!

ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። እናቴ ስኳር አለባት። ሰሞኑን ከፒያሳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ፋርማሲ ለፋርማሲ ስዞር መልሱ አንድ ነው፦ «ማሽኑ አለ፣ ስትሪፑ አልቋል።» የሌላ ማሽን ስትሪፕ ደግሞ አይሠራም። አንዱ ጋ የዚህ የሌላው ማሽን ስትሪፕ ብልቃጥ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው አየሁ። ሙቀትና እርጥበት ኢንዛይሙን እንደሚያበላሹት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ማን ያነበዋል?

አዲሶቹ ቺፖችም አብዛኞቹ አንዴ ተሠርቶባቸው የሚጣሉ ናቸው። ስለዚህ ማሽን በእርዳታ መጣ ተብሎ ሪባን ከመቆረጡ በፊት ካርትሪጁን (ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የሚጣለውን ቺፕ) ማን በየወሩ እንደሚያስመጣ፣ የት እንደሚቀመጥ ይጠየቅ። እኔን ብትጠይቁኝ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳዩት የወረቀት ቺፕ ይሻለኛል። መብራት ቢጠፋም ወረቀቱ እንደ ምርመራው ውጤት ቀለም ይቀይራል።

በሚቀጥለው እትም አስመጪዎቹን ስለ ስትሪፕ ዋጋ ብትጠይቁልን?

አንባቢያችሁ፣ ከአራዳ