ጌሙ ሲቆራረጥ፣ ድምፁ ሲንጣጣ

ይድረስ ለልጄ ለቢኒ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ የኔ ጌታ። እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። በቴሌግራም የላክኸውን ቪዲዮ አየሁት። «ላፕቶፑ አልቻለም፣ አዲስ ካልተገዛ ጌም የሚባል ነገር አበቃ» ያልከውንም አነበብኩ። ብሩን አሁን አልልክም። መጀመሪያ የምልህን አድርግና ከዚያ እንነጋገራለን።

እንደምታውቀው የእናትህ እንጀራ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቪዲዮውን ከማየት ይልቅ ደጋግሜ ሰማሁት። መኪናው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ስዕሉ ቆመ። በዚያችው ቅጽበት ድምፁ «ደ ደ ደ ደ» እያለ አንዷን ነገር ደጋገመ። ሁለቱ አብረው ነው የታመሙት። ኋላ ላይ ግን ከጓደኛህ ጋር ማውራት ስትጀምር ሙዚቃው ባንዴ ቀጠነ፣ የስልክ ድምፅ ሆነ። ስዕሉ ደግሞ ያኔ ምንም አልሆነም። ይሄኛው ሌላ በሽታ ነው። አንተ ሁለቱንም ባንድ መድኃኒት ልታክም ስትታገል ነው የደከምከው።

ቀላሉን እናስቀድም። ብሉቱዝ ማዳመጫ ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንዱ ለሙዚቃ ነው፤ ድምፅ ወደ ጆሮህ ብቻ ይመጣል፣ በስቴሪዮ፣ ጥርት ብሎ። ሌላው ለስልክ ጥሪ የተሠራ ነው፤ ድምፅ ያመጣልም ይወስዳልም፣ ግን ጥራቱ ወርዶ። የማዳመጫው ማይክ ሲከፈት ኮምፒውተሩ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ከጓደኛህ ጋር የምታወራበት ዲስኮርድ ወይም ጌሙ ራሱ ማይኩን ሲነካው ሙዚቃው የሚሞትብህ ለዚህ ነው። መፍትሄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በዲስኮርዱም በጌሙም ሴቲንግ ገብተህ ማይኩን የላፕቶፑን አድርገው። ለመስማት ማዳመጫህን ተጠቀም። አለቀ። ባለ ገመድ ካገኘህ ደግሞ እሱ ይሻላል፤ ብሉቱዝ ድምፁን ትንሽ ያዘገየዋል፣ ተኩሱን ካየኸው በኋላ ነው የምትሰማው።

ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶ እንደምንሞላው፣ ኮምፒውተርም ድምፁን አስቀድሞ ባፈር በሚባል ጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ያጠራቅማል። ሮቶው ባዶ ሲሆን ቧንቧው አየር እየተፋ ይንጣጣ የለ? ያንተም ማዳመጫ የሚንጣጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ችግሩ ይሄ ሮቶ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው። በሴኮንድ 48,000 ናሙና፣ ማለትም ጥቃቅን የድምፅ ቁራጭ፣ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ደግሞ በተለምዶ በየ10 ሚሊሴኮንዱ 480 ናሙና እየሞላ ነው የሚሄደው። በመሃል ሌላ ሥራ ፕሮሰሰሩን ይዞ አልለቅም ካለ፣ በሰዓቱ የሚሞላለት ያጣል።

ስለዚህ ጥያቄው «ማን ያዘው?» ነው። ሌተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ለቤት ተጠቃሚ በነጻ ነው። እሱን ክፈትና ሙዚቃ እየሰማህ ተወው። ፕሮሰሰሩን ይዞ የሚቆየው የትኛው ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) እንደሆነ በስሙ ያወጣልሃል። ብዙ ጊዜ የዋይፋዩ ድራይቨር ሆኖ ይገኛል። ዋይፋዩን አጥፍተህ ስማው። ፀጥ ካለ ሌባው ተያዘ ማለት ነው። አዲሱን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርድ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ» ከሚሉት ራቅ፣ ከነሱ ጋር የሚመጣውን እንግዳ ማን ያስተናግደዋል? እዚያው ሳለህ ከድምፅ ሴቲንጉ ማሳመሪያዎቹን በሙሉ አጥፋ፣ ናሙናውን 48,000 ላይ አድርገው። 192,000 ላይ አድርገኸው እንደሆነ መልሰው። እኔ እንኳን በዚህ ጆሮዬ ልዩነቱን አልሰማውም።

አሁን ስዕሉ። «50 ኤፍፒኤስ እያሳየኝ ለምን ስታክ ያደርጋል?» ብለሃል። ኤፍፒኤስ በሴኮንድ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ስዕል፣ እንዳለፈ የሚቆጥር አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ይሸውዳል። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 49 ፍሬሞች በ800 ሚሊሴኮንድ ፈስሰው፣ አንዷ ብቻዋን 200 ብትወስድ፣ ቁጥሩ 50 ይላል። ዓይንህ ግን ያችን አንዷን ነው የሚያየው። ለ60 ኤፍፒኤስ እያንዳንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የፍሬምታይሙን (እያንዳንዱ ፍሬም የፈጀውን ጊዜ) መስመር አውጣና እሱን እየው፤ መስመሩ ቀጥ ካለ ጤና ነው፣ ሽቅብ ሲዘል ደግሞ መቼ እንደዘለለ ያዝ። ቁልፉ ያ «መቼ» ነው።

አዲስ ነገር መጀመሪያ ስታይ ብቻ ቆሞ፣ ሁለተኛ ስታልፍበት ደህና ከሆነ፣ ሼደር (ስዕሉን የሚያቀልሙ ትንንሽ ፕሮግራሞች) እያዘጋጀ ነው። ጌሙ ሲከፈት «ሼደር እያዘጋጀሁ ነው» ሲልህ አትዝለለው፣ ሻይህን ጠጣ። የግራፊክስ ድራይቨር አፕዴት ካደረግህ በኋላ እንደገና ሊጀምር ይችላል፣ አትደንግጥ። ይሄ ደግሞ የደሃ ኮምፒውተር በሽታ ብቻ አይደለም። በ2022 ኤልደን ሪንግ የሚባለው ጌም ሲወጣ ውድ ማሽን ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ስለ መቆራረጡ ሲያማርሩ ነበር። በዚያው ዓመት ፕሮሰሰር ሠሪው ኤኤምዲ ራሱ፣ የእሱን ራይዘን ፕሮሰሰር የያዙ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ኤፍቲፒኤም በሚባለው የደህንነት ክፍል ምክንያት አልፎ አልፎ እንደሚንቀጠቀጡ አምኗል። መድኃኒቱ የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አፕዴት ነበር። አየህ፣ አዲስ መግዛት ሁልጊዜ መገላገል አይደለም።

ደህና ተጫውተህ ከቆየህ በኋላ ከጀመረህ ግን ሙቀት ነው። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠህ እንደምትጫወት አላውቅም መሰለህ? የአየር መግቢያው ከሥር ነው። ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ኋላውን በመጽሐፍ ከፍ አድርገው፣ አቧራውን አስጠርገው። ከዚያም ኤፍፒኤሱን 60 ወይም 45 ላይ ገድበው። ፕሮሰሰሩ ካልተጣደፈ አይግልም፣ ስዕሉም እኩል ይሄዳል። እኔ ብሆን ከሚዘል 80 ይልቅ የረጋ 45 ነው የምመርጠው።

ቻርጀሩንስ አየኸው? የራስህ ተበላሽቶ የጓደኛህን እየተጠቀምክ እንደሆነ እህትህ ነግራኛለች። ገልብጠህ አንብበው። ያንተ ላፕቶፕ ሲገዛ የመጣው 19.5 ቮልት፣ 9.23 አምፔር ይላል፤ ሲባዛ 180 ዋት ነው። የጓደኛህ የቢሮ ላፕቶፕ ቻርጀር 65 ዋት ከሆነ፣ ባትሪው «እየሞላ ነው» ቢልህም ጌም ሲከፈት አይበቃውም። ላፕቶፑ ራሱን ለመጠበቅ ግራፊክሱን ያዳክመዋል። ባትሪ ላይ ብቻ ስትጫወትም እንደዚሁ ነው። መብራት ሲጠፋ ጌሙ የሚንቀራፈፈው ላፕቶፑ አርጅቶ አይደለም። እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ይሄን ነው።

ክራክ ጌም እንዳታወርድ ብዬህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ቢያንስ ይሄን ስማ፤ ምንም ሳትከፍት ፋኑ የሚጮህ ከሆነ ውስጥ ተደብቆ ለሌላ ሰው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍር ነገር ሊኖር ይችላል። አንዳንዱ ታስክ ማናጀር (የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው) ሲከፈት ዝም ይላል፣ ሲዘጋ ይቀጥላል። በአንቲቫይረስ ሙሉ ፍተሻ አድርግለት።

ድልድዩ ጋ የቆመው ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተሻለው፣ ጌሙ አዲስ ሰፈር ሲጭን ራሙ (ሜሞሪው) ወይም ዲስኩ አልደረስኩም ብሎት ይሆናል። ታስክ ማናጀር ገብተህ ሜሞሪ የሚለውን ክፈት። ስንት ጊጋ እንደሆነ፣ ከሁለቱ ቦታ ስንቱ እንደተያዘ ይነግርሃል። 8 ጊጋ በአንድ የራም ዘንግ ብቻ ከሆነ፣ ሌላ 8 ጨምረን ሁለት ማድረግ ብዙ ይለውጣል። ጌሙ ያለው በድሮው በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነም ወደ ፈጣኑ ዲስክ፣ ወደ ኤስኤስዲው፣ አዛውረው። የራም ብር እኔ እችላለሁ፣ የላፕቶፕ ግን አልችልም። የራሙ ዓይነት ዲዲአር4 ይሁን ዲዲአር5 አጣርተህ ጻፍልኝ፣ አንዱ ባንዱ ቦታ አይገባም።

አባትህ ሰላም ብሎሃል። ስለ ጌሙ አልጠየቀም፣ ስለ ፈተናው ነው የጠየቀው። ለእሱም መልስ አዘጋጅ።

እናትህ