ስለ ዳሌሽ ሰምቼ ነው የምጽፍልሽ

ውድ እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? እማማ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ክብሩ ይስፋ። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን!

ሰሞኑን ታናሽ እህትሽ ደውላ ስለ ዳሌሽ ነገረችኝ። ካልሲ ማድረግ እንደሚያስቸግርሽ፣ ከበርጩማ ስትነሺ ብሽሽትሽን እንደሚወጋሽ ሰማሁ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መሸርሸር በሽታ) ነው፤ ገና ጅምር ነው፤ ዕድሜ ነው፤ ሲብስ ዳሌው በሰው ሠራሽ ይቀየራል» አለሽ አሉ። ከዚያ ወዲህ የጠዋት እርምጃሽን ትተሽ ቤት ውለሻል። ያስጨነቀኝ ይሄኛው ነው። «እያለቀ ያለ ነገር ነው፣ ብንቀሳቀስ ቶሎ ያልቅብኛል» ብለሽ ነው አይደል? እስቲ እኔ በየቀኑ የማየውን ልንገርሽ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ከቀዶ ሕክምና የሚመጣውን ሥጋ በሰም አጠንክረን፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ አሳስተን እንቆርጠዋለን። ከዚያ ቀለም ቀብተን በማይክሮስኮፕ እናየዋለን። ከሚመጡልን ነገሮች አንዱ የዳሌ መገጣጠሚያ የውስጥ ሽፋን ነው፤ ሲኖቪየም ይባላል።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ልም አጥንቱ፣ የአጥንቶቹን ጫፍ ስለሚሸፍነው ለስላሳ ንጣፍ ነው። ልም አጥንት ግን የደም ሥርም ነርቭም የለውም። ራሱ አያምም። ሲኖቪየም ግን ደምም ነርቭም አለው። መገጣጠሚያውን የሚያለሰልሰውን ፈሳሽ የሚያመነጨውም እሱ ነው። ጤነኛ ሲሆን የላይኛው ንጣፉ ከአንድ እስከ ሦስት ሴል ብቻ ነው የሚወፍረው። ከነዚያ ሴሎች መካከል ማክሮፋጆች አሉ። ቆሻሻና ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ሩሲያዊው ኢሊያ ሜችኒኮቭ በ1882 ጣሊያን አገር፣ መሲና ላይ፣ በባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ እሾህ ሰክቶ ሴሎች ሲከቡት ያየ ጊዜ ነው የእነዚህ ዋጭ ሴሎች ነገር የተጀመረው። በ1908 ኖቤል አገኘበት። ይህን ታሪክ ስለምወደው ነው የነገርኩሽ።

ማክሮፋጅ ጠላት አይደለም። በ2019 በአይጦች ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በሽፋኑ ላይ የሚኖሩት ማክሮፋጆች እርስ በርስ ተያይዘው መገጣጠሚያውን እንደ አጥር ይከልሉታል። ችግሩ የሚመጣው ልም አጥንቱ መሸርሸር ሲጀምር ነው። ፍርፋሪውና የተሰባበረው ፕሮቲን ወደ ፈሳሹ ይገባል። ማክሮፋጆቹ ይህን እንደ አደጋ ምልክት ያዩታል። ይቆጣሉ። ኢንተርሉኪን 1፣ ቲኤንኤፍ የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ከደም ሌሎች ሴሎች ይጠራሉ፤ ቲ ሴሎች የሚባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎችም ይመጣሉ። መልእክቱ ልም አጥንቱ ውስጥ ላሉት ሴሎች ሲደርስ ደግሞ፣ እነሱ ራሳቸው የገነቡትን ኮላጅን (ልም አጥንቱን አጥብቆ የያዘውን ፕሮቲን) የሚቆርጥ ኢንዛይም ማምረት ይጀምራሉ። ፍርፋሪው ይጨምራል፤ ቁጣውም ይቀጥላል። የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን ከሚያጠቃበት ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር ሲተያይ ዝቅ ያለ ቁጣ ነው። ግን አለ። ተራ ራጅ ደግሞ ይህን አያሳይም፤ የሚያሳየው አጥንቱንና ክፍተቱን ነው።

ለብዙ ዘመን ስለ ጅምሩ የታወቀው ጥቂት ነበር፤ ምክንያቱም ሥጋው የሚገኘው ዳሌ ሲቀየር ነው፣ ያኔ ደግሞ ነገሩ መጨረሻው ላይ ደርሷል። በ2003 ስዊዘርላንዳዊው የአጥንት ሐኪም ራይንሆልድ ጋንዝና ባልደረቦቹ አንድ ነገር በግልጽ አስቀመጡ። የጭን አጥንቱ ራስ ወይም የዳሌው ጎድጓዳ ጠርዝ ቅርጽ ትንሽ ሲዛባ፣ ስናጎነብስ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ይህ በወጣትነት የሚጀምር የኦስቲዮአርትራይተስ መንስኤ ነው አሉ። ለዚህ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሰዎች ስላሉ፣ ዛሬ የጅምሩ ሥጋም ይገኛል። ማክሮፋጆቹን ቡናማ የሚያደርግ ቀለም አለን። ልም አጥንቱ ገና ብዙ ሳይጎዳ፣ አንዳንዱ ሰው ሽፋን ላይ ቡናማው ተጨናንቆ አያለሁ። ሌላው ላይ ጥቂት ነው። ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ሕያው ሥራ የሚሠራበት ቦታ ነው እንጂ ዝም ብሎ የሚያልቅ ጎማ አይደለም።

መድኃኒቱስ ትይኛለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት ገና የለም። ቲኤንኤፍን የሚያግዱት ለሩማቶይድ ተአምር ሠርተዋል፤ እዚህ ላይ ግን የተጠበቀውን አልሠሩም። ተስፋ የሚሰጠኝ አንድ ጥናት አለ። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አጋጥሟቸው የነበሩ ከ10,000 በላይ ሰዎች ለልባቸው ተብሎ ኢንተርሉኪን 1ን የሚያግድ መርፌ ተሞከረባቸው። በ2020 መረጃው እንደገና ሲታይ፣ መርፌውን የወሰዱት ዳሌ ወይም ጉልበት የማስቀየር ዕድላቸው 40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ጥናቱ ለመገጣጠሚያ የታሰበ ስላልነበር ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ሆኖም ቁጣው በሽታውን ከሚነዱት አንዱ መሆኑን ይጠቁማል።

እስከዚያው መቀመጥ አይጠቅምሽም። ልም አጥንት ደም ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ከፈሳሹ ነው፤ ፈሳሹ የሚዳረሰው ደግሞ ስትንቀሳቀሺ ነው። በታወቁት የሕክምና መመሪያዎች ላይ መጀመሪያ ከሚመጡት አንዱ የአካል እንቅስቃሴ ነው። ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ፈልጊ። የመቀመጫና የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ያሳይሽ። እርምጃሽን በሜዳ ላይ፣ በአጭሩ ጀምሪ። በርጩማውን ለጊዜው ተዪው፤ ቡናውን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆነሽ አፍዪው። ስግደቱም እያመመሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ይረዱሻል። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ግን በራስሽ ጊዜ አትዋጪ። ደም ግፊት አለብሽ፤ ኩላሊትና ጨጓራም ይጎዳል። መጀመሪያ ሐኪምሽን አማክሪ።

ሐኪሙን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ጉልበትሽን አጥፎ እግርሽን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አዙሮ አይቷል? ዳሌ ሲጀምረው ቀድሞ የሚያጥረው ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ መዞሩ ነው። የመጋጨት ነገር እንዳለም ከራጁ ላይ ሊታይ ይችላል።

ራጁን በስልክ አንሺና በቴሌግራም ላኪልኝ። አብራኝ የምትሠራ የአጥንት ሐኪም አለች፤ አሳያታለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ፣ ስልክሽን ክፍት አድርጊ። እማማን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ
ጓደኛሽ